ምዕራፍ ሰባት፦ የደጋው ባለ መንቁር

ቱካንን በሥዕል መጽሐፍና በቴሌቪዥን ያላየ ተማሪ ዛሬ ጥቂት ነው። ከአካሉ ጋር የማይመጣጠነው ብርቱካንማ መንቁሩ አንዴ ከታየ አይረሳም። በመቄት ወረዳ በምትገኘው በፍላቂት ደግሞ በትምህርት ቤት ጣሪያ፣ በገበያ ዳርና በባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ በየቀኑ የሚቆም፣ ከቁራ ወገን ሁሉ ትልቁን መንቁር የያዘ ወፍ አለ። የመጀመሪያውን በዱር ለማየት ውቅያኖስ መሻገር ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውን ለማየት ቀና ማለት ይበቃል። ይህ ምዕራፍ ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ደጋው ባለ ወፍራም መንቁር ቁራ ነው። ጥያቄው ግን የሁለቱም ነው፦ ወፍ ለምን እንዲህ ያለ ትልቅ መንቁር ይሸከማል?

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ቱካንን ከነዘመዶቹ እናስተዋውቅ። ቱካኖች የሚኖሩት ከደቡብ ሜክሲኮ ጀምሮ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። ከመካከላቸው ትልቁ፣ ቶኮ ቱካን፣ መንቁሩ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ላዩ የእኛ ጥፍር ከተሠራበት ከኬራቲን የተሠራ ነው፤ ውስጡ በቀጫጭን የአጥንት ክሮች የተወጠረ፣ አብዛኛው ባዶ የሆነ ክፍል ነው። ስለዚህ ሲያዩት የከበደ ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። ወፉ ሰውነቱ ሊሸከመው የማይችል ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለን ፍሬ ራቅ ብሎ እንደተቀመጠ ይቀጥፍበታል።

በአፍሪካ ቱካን የለም፤ ሁለት ዓይነት ዘመዶች ግን አሉት። የሥጋ ዘመዶቹ ባርቤት የሚባሉት አጫጭርና ወፍራም መንቁር ያላቸው ትናንሽ ፍሬ በል ወፎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር በየትም አገር አይገኝም፤ ሾላና ዋርካ ባለበት በብዛት ይታያል። ግንደ ቆርቁርም ቢሆን ከዚሁ ሰፊ የዘር ሐረግ ይመዘዛል። የቱካን የኑሮ ዘመዶች ደግሞ የእርኩም ወገኖች ናቸው። እነዚህ ከቱካን ጋር የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በጫካ ፍሬ እየለቀሙ፣ ዘር እየበተኑ፣ በግንድ ቀዳዳ እየፈለፈሉ ስለሚኖሩ ተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ መንቁር ሰጣቸው። በጣና ዳርቻ በዘጌ ጫካ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማው፣ በላይኛው መንቁራቸው ላይ ቀንድ የመሰለ ጉብታ የተሸከሙት ወፎች ከእነዚህ ናቸው።

ከዚሁ ወገን አነስ ያለና መንቁሩ ቀይ የሆነ አንድ ዝርያ በሰሜን ኢትዮጵያ ገደሎች ይኖራል፤ በላሊበላ ዙሪያም ይታያል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1825 ምፅዋ ላይ በንዳድ ከሞተው ከጀርመናዊው ተፈጥሮ ተመራማሪ ከቪልሄልም ሄምፕሪሽ ነው። እንስቷ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ገብታ መግቢያውን በጭቃ ትደፍነዋለች፤ ተባዕቱ በቀረችው ጠባብ ቀዳዳ በኩል ምግብ ያቀብላታል። እርኩም ራሱ ደግሞ ከቆላና ከወይና ደጋ ሜዳ የማይርቅ፣ በእግሩ መሄድ የሚያበዛ ግዙፍ ወፍ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት በአገራችን ሲዞር አይቶ ሥዕሉንና ገለጻውን እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አስፍሮታል፤ በተከዜ ማዶና ማዶ ሁለት ስም እንዳለው፣ በአንዱ ወገን አባ ጉምባ በሌላው እርኩም እንደሚባልም መዝግቧል።

የፍላቂት ሜዳ ግን የፍሬ ጫካ የለውም። ብርዱ ጠንካራ ነው፤ መሬቱም ለዘመናት ሲታረስ የኖረ ነው። እዚህ የሚኖር ባለ ትልቅ መንቁር ወፍ ለመንቁሩ ሌላ ሥራ ሊያገኝለት ይገባል። አግኝቶለታልም።

ከመንጋው መለየት

ፍላቂት ከወልዲያ ተነስቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ በሚዘልቀው፣ የቻይና መንገድ በሚባለው ጎዳና ላይ ያለች የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መቄት የውሃ መለያያ አገር ነው፤ ከፊሉ ዝናብ ወደ ተከዜ፣ ከፊሉ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የገብሱና የስንዴው ሜዳ ተዘርግቶ ሄዶ በድንገት ይቆረጥና ገደል ይሆናል። ለቁራው ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አይገኝም፤ በሜዳው ላይ ይበላል፣ በገደሉ አፍ በሚነሳው ነፋስ ክንፉን ሳያማታ ይንሳፈፋል፣ በዐለቱ እርከን ላይ ጎጆ ይሠራል።

የኢትዮጵያ ቁራ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ የምንናገርለትን ከሌሎቹ መለየት ያስፈልጋል። ደረቱና አንገቱ ዙሪያውን ነጭ የሆነው፣ በከተማና በቆሻሻ መጣያ የሚበዛው ቁራ ሌላ ነው። ሁለንተናው ጥቁር ሆኖ ጅራቱ በጣም አጭር የሆነው፣ ሲበር ከኋላው የተቆረጠ የሚመስለውና በመንጋ ሆኖ ገደል ለገደል የሚያሽካካውም ሌላ ነው። በደቡብ በያቤሎና በአካባቢው ብቻ የሚኖር፣ አመድማ ቀለም ያለው አንድ የሩቅ ዘመዳቸውም አለ፤ ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን የሚኖርበት ስፍራ እጅግ ጠባብ ስለሆነ የመጥፋት ሥጋት ያንዣበበበት ነው።

የእኛው ባለ ወፍራም መንቁር ከእነዚህ ሁሉ ይገዝፋል። ከመንቁሩ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ አልፎ ኪሎ ተኩል ሊደርስ ይችላል። ቁራ ከድንቢጥና ከሚዘምሩት ትናንሽ ወፎች ጋር በአንድ ክፍለ መደብ ይመደባል። ከ6,000 የሚበልጡ ዝርያዎች ባሉበት በዚያ ክፍለ መደብ ውስጥ ከእኛ ቁራ ጋር በግዝፈት የሚወዳደረው የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ትልቁ ቁራ ብቻ ነው። መለያው ሁለት ነው፦ ከአናቱ ኋላ ተነስቶ ወደ ማጅራቱ የሚወርድ ነጭ ምልክትና ጫፉ ነጣ ያለ ጥቁር መንቁር። ድምፁ ጥርት ያለ አይደለም፤ ከጉሮሮ ጥልቅ የሚወጣ፣ የታፈነና ትንፋሽ የበዛበት ነው።

አገሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው፤ ከዚያ አልፎ በሶማሊያ በጥቂቱ ይታያል። ከ1,500 እስከ 3,400 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ በብዛት ይገኛል። በሌላው ዓለም በዱር የለም። የቅርብ ዘመዱ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ተራሮች የሚኖረው ማጅራተ ነጭ ቁራ ነው፤ እሱም መንቁሩ ወፍራም ነው፤ ግን የእኛውን አያህልም።

የመንቁሩ አሠራር

የቱካን መንቁር ይረዝማል፤ የእኛ ቁራ መንቁር ይወፍራል። ልዩነቱ የሥራ ልዩነት ነው። የቁራው መንቁር ርዝመቱ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ከጎን ሲያዩት ቁመቱ ትልቅ ነው፤ የላይኛው ጠርዝ ከግንባሩ ተነስቶ ወደ ላይ ይጎብጥና ወደ ጫፉ በኃይል ይታጠፋል። ከፊት ሲያዩት ግን ጠፍጣፋና ጠባብ ነው። እንዲህ ያለው ቅርጽ ጥቅሙ በአናጢ ሥራ ይታወቃል፤ ሳንቃ ተጋድሞ ሲረገጥ ይለመጣል፣ በጠርዙ ቆሞ ሲጫኑት ግን ይሸከማል። መንቁሩም ከላይ ወደ ታች ሲመታና ሲነክስ እንዳይሰበር ቁመቱ ይጠብቀዋል። ጠባብነቱ ደግሞ በአጥንት መካከል፣ በስንጥቅ ውስጥና ከቆዳ በታች ለመግባት ያመቸዋል።

የውስጡ አጥንት በኬራቲን ቅርፊት ተሸፍኗል። ቅርፊቱ እንደ ጥፍር ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ ወፉ ዐለት ላይ፣ አጥንት ላይና ደረቅ መሬት ላይ ሲሠራበት እየተሸረፈ ልኩን ይጠብቃል። በመንቁሩ ጎንና ጎን፣ ከአፍንጫው ቀዳዳ ፊት፣ ጥልቅ ጎድጓዳ መስመር አለ። ብዙዎቹ ቁራዎች አፍንጫቸውን የሚሸፍን ጥቅጥቅ ያለ ሻካራ ላባ አላቸው፤ የእኛው ግን ይህ ላባ የሳሳ ነው።

ትልቅ መንቁር ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 ግሌን ታተርሳልና ሁለት ብራዚላውያን ባልደረቦቹ ሙቀት በሚያሳይ ካሜራ ቶኮ ቱካንን ሲያጠኑ፣ ወፉ ሲሞቀው ወደ መንቁሩ ብዙ ደም ልኮ ሙቀቱን እንደሚያስወጣ፣ ሲበርደው ደግሞ የደሙን መንገድ አጥብቦ እንደሚያስቀር አሳይተዋል። በሞቃት ጫካ ይህ በረከት ነው። በብርድ አገር ግን ላባ የሌለው ገላ ሙቀት ማፍሰሻ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ወፎች ሲነጻጸሩም በብርድ አገር የሚኖሩት ከሞቃት አገር ዘመዶቻቸው ይልቅ መንቁራቸው የማጠር ዝንባሌ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አረጋግጧል።

እንግዲህ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር፣ ከቁራ ወገን ሁሉ ትልቁን መንቁር የያዘ ወፍ መገኘቱ ሊያስገርመን ይገባል። ወፍ ሲተኛ መንቁሩን በጀርባው ላባ ውስጥ ይቀብራል፤ ይህ ኪሳራውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም። ወፉ ይህን ዋጋ እየከፈለ ትልቅ መንቁር ይዞ ከኖረ፣ መንቁሩ ከሚያፈሰው ሙቀት የሚበልጥ እንጀራ ያበላዋል ማለት ነው። እንጀራው ምንድን ነው?

እበት፣ ጥንብና እሸት

መልሱ በከብት መሰማሪያ ላይ ይገኛል። ጠዋት ከብቶች ወጥተው ካለፉ በኋላ ቁራው ይወርዳል። በእበቱ አጠገብ ቆሞ መንቁሩን ወደ ጎን ያጋድምና ግራና ቀኝ በኃይል ይጠርገዋል፤ እበቱ ይበተናል። ከውስጡ የጥንዚዛ እጭ፣ ነጭና ወፍራም ትል፣ ይወጣል፤ ቁራው አንድ በአንድ ይለቅመዋል። ቀጭን መንቁር ያለው ወፍ እበትን ወግቶ የሚደርስበትን ብቻ ያገኛል። ይህ ግን ሙሉውን ገልብጦ ይበረብረዋል። የበቅሎና የፈረስ ፋንድያም ቢሆን አይቀረውም።

ላስታና መቄት እንጨት የጠፋበት አገር ስለሆነ እበት ሌላም ባለቤት አለው። እናቶችና ልጃገረዶች በቅርጫት ለቅመው፣ ከጭድ ለውሰው፣ በግድግዳና በመስክ ላይ አድርቀው ኩበት ያደርጉታል፤ ምጣዱ የሚሰማው በእሱ ነው። ቁራውና ለቃሚዋ የሚሻሙት አንድ ነገር ላይ ነው። እሷ ቀድማ ከደረሰች ይነዳል፤ እሱ ከቀደመ መስኩ ላይ ተበትኖ መሬቱን ያዳብራል። ገበሬው ከብት ካረባ ቁራው ይበላል። መንቁሩ ግን ከእርሻ እጅግ የሚቀድም ዕድሜ አለው። ወፉ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ ሲጠብቅ ገበሬው ከብቱን ነድቶ ደጋውን በሞላው ጊዜ፣ የቁራው ገበታ በአንዴ ሰፋ።

ሁለተኛው ገበታ ጥንብ ነው። የሞተ በሬ ወይም አህያ ከመንደር ውጭ ሲጣል መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት ብዙ ጊዜ ቁራ ነው። ቁራ ግን ሙሉውን ወፍራም ቆዳ ብቻውን መክፈት ስለሚያዳግተው ዓይንና ምላስ በመሳሰለው ለስላሳ ቦታ ይጀምርና የበረቱትን ይጠብቃል። በዚህ ሥራ ላይ ክፍፍል አለ። መንቁረ ብርቱው ትልቅ ጥንብ አንሳ ቆዳውን ይቀዳል። አንገታቸው የተመለጠው የሩፔል ጥንብ አንሳዎች ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ሥጋውን ያወጣሉ። ቁራና ትናንሾቹ ጥንብ አንሳዎች በመካከል እየሾለኩ ብጥስጣሹን ያነሳሉ። ሁሉም ሲጨርስ አጥንት ሰባሪው አሞራ ይመጣል፤ አጥንቱን ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ በዐለት ላይ ይለቀዋል፣ ሲሰበር ወርዶ ከነስብርባሪው ይውጠዋል። በማግሥቱ በቦታው የሚቀረው ጥቂት ነው። ማዘጋጃ ቤት በሌለበት ገጠር የጽዳት ሠራተኛው ይህ ጓድ ነው።

ሦስተኛው ገበታ የሰው ቤት ነው። ቁራው በእርድ ቦታ፣ በልኳንዳ ጓሮ፣ በሠርግና በተዝካር ድንኳን ዙሪያ አይጠፋም። የተጣለ እንጀራ፣ ቂጣ፣ የተቀቀለ ንፍሮ ይበላል።

ወንጀልም አለበት። ስንዴ ሲያሽት ከዛላው ላይ ይቀጥፋል። እንቁላልና ጫጩትም ካገኘ አይምርም። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያጮኽ ልጅ ከጠላቶቹ መካከል ቁራን ቢቆጥር እውነት አለው። ሆኖም ከሌላው ወፍና ከዝንጀሮ ጋር ሲነጻጸር የቁራው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜውን የሚያጠፋው በእበትና በጥራጊ ላይ ነው።

ጾምና ፍስክ

በደጋው ሥጋ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይገኝም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም አሉ፤ ረቡዕና ዓርብ አሉ። በእነዚህ ቀናት ልኳንዳው ይዘጋል፣ የሚጣለው አንጀትና ቆዳ ይቀራል። የሰው የእምነት ሥርዓት በአራዊት ገበታ ላይ ምን ያህል እንደሚደርስ በጅብ ታይቷል። በትግራይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የጅብ ኩስ ውስጥ ያለውን ፀጉር በመለየት፣ በዐቢይ ጾም ጊዜ ጅቦች ከጥራጊ ይልቅ አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ጾሙ ሲፈታ ጅቦቹ ወደ ቀድሞ ገበታቸው ይመለሳሉ።

ቁራው አህያ የሚጥል ጉልበት የለውም፤ የሰፋ ገበታ ግን አለው። ሥጋ ሲጠፋ እበት አለ፤ እበት በፀሐይ ሲደርቅ የታረሰው ማሳ ትል ያወጣል፤ እሸቱ ሲያልፍ አውድማው ይመጣል፤ በፋሲካ ማግሥት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ቆዳና አንጀት ያወጣል። ወፍራሙ መንቁር ከእነዚህ ለአንዱ ብቻ የተሠራ አይደለም። ይገለብጣል፣ ይቀዳል፣ ይሰብራል፣ ይቀጥፋል። በፍሬ ጫካ የሚኖር ወፍ አንድ ዓይነት ሥራ በልዩ ብልሃት ይሠራል፤ ኑሮው ከወቅት ወቅት በሚለዋወጥበት ደጋ የሚያዋጣው ግን ሁሉን የሚችል መሣሪያ ነው። መንቁሩ ለሚበርደው ሌሊት የሚከፍለው ዋጋ እዚህ ላይ ይመለሳል።

ከመንቁሩ በስተኋላ ያለው

መሣሪያ ያለ አእምሮ አይበቃም። የቁራ ወገን በወፎች መካከል በብልኅነቱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች የሰሜኑን ትልቅ ቁራ ፈትነውት ነበር። ወፎቹ በመጀመሪያ አንድን ሳጥን በድንጋይ መክፈት ተማሩ። ከዚያ ሳጥኑ በሌለበት ከብዙ ዕቃ መካከል አንድ እንዲመርጡ ተደረገ፤ አብዛኛውን ጊዜ ድንጋዩን መረጡ። ከ17 ሰዓት በኋላ ሳጥኑ ሲመጣም በያዙት ድንጋይ ከፈቱት። ነገ የሚያስፈልገውን ዛሬ ማስቀመጥ ከወፍ የማይጠበቅ ይመስል ነበር። በቪየና የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ ቁራዎች ምግብ ሲደብቁ፣ በአጠገባቸው ያለው የማሾለቂያ ቀዳዳ ክፍት ከሆነና ከጀርባው የሌላ ቁራ ድምፅ ከተሰማ፣ ሌላው የሚያያቸው ያህል ተጠንቅቀው እንደሚደብቁ አሳይቷል።

የእኛው ደግሞ የእነዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ሰውን የሚያይበት መንገድ ይህንኑ ይመሰክራል። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ያለን ልጅ ከሩቅ ይለያል፤ እጁ ባዶ የሆነውን ሽማግሌ ግን ሦስት እርምጃ እስኪቀረው ይጠብቃል።

ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ጥንብ ወይም የእርድ ቀን ሲገኝ ግን ብዙዎች ይሰበሰባሉ። ጎጆውን ከጭራሮ ይሠራል፤ በገደል እርከን ወይም በትልቅ ዛፍ ላይ ያስቀምጠዋል። የገደሉ ችግር የለም፤ የሚቸግረው ዛፉ ነው። በላስታና በመቄት የቆየ አገር በቀል ዛፍ የተረፈው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው፤ ጽዱም ወይራውም የቆመው ካህናትና ምእመናን ስለጠበቁት ነው። ከዚያ ውጭ የሚታየው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቁራው በባሕር ዛፍ ጫፍ ማረፍን ለምዶታል፤ ይህም የመላመድ ችሎታውን ያሳያል።

ስሙ እንዴት ወደ መዝገብ ገባ

የደጋው ሰው ይህን ወፍ ከጥንት ያውቀዋል። በሳይንስ መዝገብ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። የመዘገበው ኤድዋርድ ሩፔል ከፍራንክፈርት የመጣ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 ምፅዋ ላይ ወርዶ፣ በዘመነ መሳፍንት ጦርነት መካከል በሰሜን ተራሮች አልፎ ጎንደር ደረሰ። የሰበሰበውን ይዞ ከተመለሰ በኋላ ባሳተማቸው ጽሑፎች ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ቁራውም የዚያው ጉዞ ፍሬ ነው። በጥንብ ላይ ከቁራው ጋር የሚሰለፈው ባለ ረጅም አንገት ጥንብ አንሳ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አራቱ ስሞች አንድ ላይ ሲነበቡ አንድ ነገር ይታያል። ዋልያ ብርቅዬ ነው፣ ቀይ ቀበሮ ብርቅዬ ነው፣ ጭላዳ ብርቅዬ ነው፤ በፖስተር ላይ፣ በቡድን ስም ላይ የምናየው ዋልያን ነው። ከዚያው ደጋ የበቀለው፣ በዚያው ሰው የተመዘገበው ቁራ ግን በጉዟችን ሁሉ ዓይናችን ሥር ስለሚውል ክብር አላገኘም።

በሰው አፍ

ቁራ በእኛ ዘንድ ስሙ መልካም አይደለም። ተልኮ የማይመለስ ሰው የቁራ መልእክተኛ ይባላል፤ መነሻው የኖኅ ታሪክ ነው። ኖኅ ከመርከቡ ቁራን ላከ፤ ቁራው ወጥቶ በዚያው ቀረ፤ እርግቧ ግን የወይራ ቅጠል ይዛ ተመለሰች። ወፉን የሚያውቅ ሰው ግን በቁራው አይፈርድበትም። ውሃው ጎድሎ ሬሳ በየቦታው በተጋለጠበት ሰዓት፣ ሬሳ በል ወፍ ወደ መርከብ የሚመለስበት ምክንያት አልነበረውም። እርግብ እህል ትፈልጋለች፤ እህል ስላልነበረ ተመለሰች።

የሚዘነጋው ሌላው ታሪክ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት፣ በረሃቡ ዘመን ነቢዩ ኤልያስ በኮራት ፈፋ ሲሸሸግ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት የነበሩት ቁራዎች ናቸው። ከአእዋፍ ሁሉ የተመረጠው ምግብ ፍለጋ የሚያህለው የሌለው ወፍ ነው። ድምፁን እንደ ሟርት የሚቆጥር፣ በቤቱ ጣሪያ ላይ ሲጮኽ የሚያማትብ ሰው ይህንን ታሪክ ቢያስታውስ ወፉን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ምን ያሰጋዋል፣ ምን እናድርግ

ይህ ቁራ ዛሬ የመጥፋት ሥጋት የለበትም፤ በዓለም አቀፉ መዝገብ ከማያሰጉት ዝርዝር ውስጥ ነው። ከእሱ ጋር በጥንብ ላይ የሚሰለፉት ግን እንዲህ አይደሉም። የሩፔል ጥንብ አንሳን ጨምሮ አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እጅግ አስጊ ወደሚባለው ደረጃ ተሸጋግረዋል። ዋናው ገዳይ መርዝ ነው። ለጅብ፣ ለቀበሮና ለባዘነ ውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚነሰነስ መርዝ የታሰበለትን አንድ እንስሳ ሲገድል በደርዘን የሚቆጠሩ ወፎችን አብሮ ይገድላል። በህንድ ለከብት የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት በሬሳ በኩል ወደ ጥንብ አንሳዎች ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአንዳንዱን ዝርያ ከ95 በመቶ በላይ ጨርሷል፤ ጥንብ ሳይነሳ ሲቀር የባዘኑ ውሾች በዙ። ከጓዱ አንዱ ሲጠፋ ሥራው ወደ ሌሎቹ በቀላሉ አይተላለፍም። ቁራ ቆዳ ቀዳጁን ሊተካ አይችልም።

በመቄት ገደል አፋፍ እንደ መቋት ማርያም ባሉ ቦታዎች ገበሬዎች ለእግረኛ ጎብኚ ማረፊያ አሰናድተው ያስተናግዳሉ። ወደዚያ ከሚመጣው ጎብኚ መካከል ወፍ ተመልካቹ በማስታወሻው ላይ አስቀድሞ ከሚጽፋቸው ስሞች አንዱ ይህ ቁራ ነው፤ በሌላ አህጉር ፈልጎ አያገኘውምና። መሪ ሆኖ የሚሠራ ወጣት አጥንት ሰባሪውን አሞራና ጭላዳውን ካሳየ በኋላ በአጠገቡ የቆመውን ቁራ ሳያሳይ ቢያልፍ፣ ሊሸጠው የሚችለውን ዕቃ በእጁ ይዞ መመለሱ ነው።

ስለዚህ ከአንባቢው የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በሬሳ ላይ መርዝ አትነስንሱ፤ ሌላውም ሲነሰንስ ካያችሁ ተቃወሙ። በደብራችሁ ግቢ የቆመውን ዛፍ ጠብቁ፤ ከተቆረጠም ተኩ። መምህራን ሆይ፣ ስለ ወፎች ስታስተምሩ ከአማዞን በፊት ከግቢያችሁ ጀምሩ፤ ተማሪዎቹን አውጥታችሁ ነጭ ማጅራቱን፣ የጎበጠ መንቁሩን፣ እበት የሚበትንበትን መንገድ አሳዩአቸው። ለደጋው የተፈጥሮ ታሪክ ትምህርት ከዚህ የቀረበና ከዚህ የረከሰ ዋጋ ያለው መማሪያ የለም።